የምጣድ ተራ በታች ሰፈር

በጡረታ የተሰናበትሁ ዕለት በቢቸናው የመብራት መሥሪያ ቤት ግቢያችን የነበሩት እነዚህ ናቸው። ኃላፊያችን አቶ ይሄነው በረንዳው ላይ፣ ከማይክሮፎኑ ኋላ ቆመዋል። በቀኛቸው ከወረዳው የመጡ ሁለት እንግዶች ነበሩ፤ በግራቸው ገንዘብ ያዧ ስጦታውን በካርቶን ታቅፋለች። የመስመር ሠራተኞቹ ከመሰላሎቹ አጠገብ ፀሐዩን ሸሽተው ከግድግዳው ተለጥፈዋል። መብራት ስለ ጠፋ ከመጋዘኑ ጀርባ ጄኔሬተሩ ያጓራል፤ ማይክሮፎኑ የሚሠራው በእርሱ ነበር። በግቢው መካከል አዲሱ ትራንስፎርመር በአረንጓዴ ሸራ ተሸፍኖ ተቀምጧል። እኔ ከሸራው በዚህ በኩል ነበርሁ። ጎረቤቴ እናኑ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ነበረች። ዘበኛው «የተጠራ ብቻ» ብሎ መልሷት፣ በሩ ሥር በነጠላዋ ዓይኖቿን ከልላ ቆማለች።

ያ ትራንስፎርመር የታች ሰፈር ነው። ከመጣ ክረምቱ አልፎ መስቀል ደርሷል። ሳይሰቀል የቆየው ዕቃ ጎድሎ ወይም ባለሙያ ጠፍቶ አይደለም። ሪባን የሚቆርጡ ሰው ከላይ እስኪመጡ ነው። እርሳቸው እስኪመጡ ታች ሰፈር በእንጨት ይጋግራል፣ የእናኑም ዓይን ጭስ ይጠጣል። ስለ ሥራ ዘመኔ ጻፊ ሲሉኝ ከዚህ ሌላ መነሻ አላገኘሁም።

ሥራ የጀመርሁት ሞጣ ነው። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ገና እግሩን ሲተክል፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በጸሐፊነት ተቀጠርሁ። ያኔ ከተማው መብራት የሚያገኘው በናፍጣ ሞተር ነበር። ሲመሽ ይነሣል፣ ሰው ሳይተኛ ይጠፋል። ናፍጣ የጫነውን መኪና ጭቃ ከያዘው ከተማው ጨለማ ነው። ስለ ደመወዙ ብዙ አልልም፤ ለጤፍና ለጫማ ይበቃ ነበር። ቆይቶ ዋናው መስመር ከግድብ መጣ። ሞተሩ ቆመ፣ ጢሱም ቀረ፣ አቅም ያላቸው ሴቶች የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዙ። «ጸሐፊ በዝቷል» ተብሎ እኔን ቆጣሪ አንባቢ አደረጉኝና ከጋሼ ታከለ ጋር መዞር ጀመርሁ።

ጋሼ ታከለ የመስመር ሠራተኞች አለቃ ነበሩ። ቀጭን፣ ሲሄዱ አንገታቸውን ወደ ላይ አቅንተው ሽቦ ሽቦውን የሚያዩ ሰው ናቸው። ገበያ ውስጥ ከሰው ጋር እየተጋጩ «ይቅርታ» ሲሉ ይውላሉ። ወደ ማንም ቤት ሲገቡ ቆጣሪውን ቀድመው አያዩም፤ በቀጥታ ወደ ማድ ቤት ይዘልቃሉ። ጉልቻው ከቀዘቀዘ፣ እንጨቱ ላይ ሸረሪት ካደራ፣ «ይህች ተሻግራለች» ይሉኛል። አመዱ ትኩስ ከሆነ ግን ምክንያቱን ሳይሰሙ አይወጡም። አንዷ ምጣዱ እንጀራዋን እንደሚያደርቅባት ትነግራቸዋለች፤ ሌላዋ መብራቱ እየደከመ እንጀራዋ ዓይን አላወጣ እንዳላት። ሁሉንም ይሰማሉ።

«ቆጣሪው የሚነግርሽ ያለፈውን ነው» አሉኝ አንድ ቀን። «የሚመጣውን የምትነግርሽ ማድ ቤቷ ናት።»

የመጋገሪያ ሰዓት ሲሆን ከአንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ ይቀመጡና አምፖሉን ያያሉ። አምፖሉ እየቀላ ከሄደ ምጣዱ በዝቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ተነሥተው ከትራንስፎርመሩ ምሰሶ ሥር ይቆማሉ፤ ድምፁን ይሰማሉ። ድምፁ ከወትሮው ከወፈረ ከየትኛው ሽቦ ላይ ስንት ቤት እንደ ተቀጠለ ማሰብ ይጀምራሉ። በማግሥቱ መሰላል አስይዘው አንዱን ቤት ከዚህ ሽቦ ነቅለው ወደዚያ ይቀጥላሉ።

«ሦስቱ ሽቦዎች ሦስት አህዮች ናቸው። ጤፉን ሁሉ በአንዷ ጭነሽ ሁለቱን ባዶ ብትነጂ፣ መንገድ ላይ የምትወድቀው አንዷ ብትሆንም ገበያ የማይደርሱት ሦስቱም ናቸው።»

ሌላው ትምህርታቸው ስለ ፊውዝ ነበር። ፊውዝ ማለት ጭነቱ ከልክ ሲያልፍ ቀድማ የምትቃጠል ቀጭን ሽቦ ናት፤ እርሷ ስትበጠስ ትራንስፎርመሩ ይተርፋል። ከሠራተኞቹ አንዱ ደጋግማ ስትበጠስበት ተሰላችቶ ወፍራም መዳብ ሊያስገባ ሲል አገኙት። ጋሼ ታከለን ሲቆጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ውረድ!» አሉት ከምሰሶው ሥር። «ውረድና የምሰሶ መውጫ ጫማህን አውልቅ። ውሻ የሚጮኸው ሌባ ሲመጣ ነው። ጩኸቱ ሰለቸኝ ብለህ ውሻውን ትገድላለህ?»

ሞጣ ላይ ያ ፊውዝ በየበዓሉ ዋዜማና በየቅዳሜው ይበጠስ ነበር። ተጨማሪ ትራንስፎርመር ተጠየቀ፤ «በሂደት ላይ ነው» ተባለ። ጋሼ ታከለ ሂደቱን አልጠበቁም። እኔን አስከትለው ወፍጮ ቤት ሄዱ፤ ሴቶቹ እህላቸውን አስቀምጠው ተራ ወደሚጠብቁበት።

«እናንተ፣ ሁላችሁም ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ነካችሁ?» አሏቸው።

«እሑድ አይጋገር፤ ታዲያ ባሌ እሑድን በጸሎት ይደር?» አለች አንዷ።

«ያንቺ ባል በጸሎት ቢያድር ለነፍሱ ነበር» አለቻት ጎረቤቷ፤ ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

እማማ ዘሃራ ከማዕዘኑ ተነሡ። በሞጣ ከአባት ከአያት ጀምሮ ጨርቅ የሚነግዱ ቤተሰብ እናት ናቸው። «አንተ ታከለ፣ ያ ብረታችሁ እሑድ ሥራ ፈቶ ሲውል ለማን ይጸልያል?» አሏቸው። «እሑድን ለእኛ ስጡን። እናንተ ስታስቀድሱ እኛ እንጋግራለን፤ ቅዳሜውን ውሰዱት። ለፋሲካችሁም ገለል እንልላችኋለን። በኢዳችን ዋዜማ ምጣድ የምትጥድ ክርስቲያን ካየሁ ግን ዱቄቷን ነው የምበትነው!»

ተራው የተጀመረው እንዲህ ነው። ወረቀት የለውም። እያንዳንዱ መንደር ቀኑን ያውቃል። ጎረቤታሞች በአንድ በጋለ ምጣድ ተከታትለው ይጋግራሉ፤ የመጨረሻዎቹን እንጀራዎች ማብሪያውን አጥፍተው በተረፈው ሙቀት ያወጣሉ። የወፍጮው ባለቤትም ሞተሩን የሚያስነሣው ሴቶቹ ጋግረው ሲያበቁ ሆነ። ያለ ተራዋ የጋገረች «የምጣድ ሌባ» ትባላለች፤ ያ ስም ከቅጣት ይከብድ ነበር። በኢድ ዋዜማም እማማ ዘሃራ በሩ ላይ ወጥተው ቆመው ጭስም እንፋሎትም ሲመረምሩ አይቻለሁ። የማንም ዱቄት አልተበተነም።

ወደ ቢቸና ስዛወር የመጣሁት ይህን ይዤ ነው። ታች ሰፈር ተከራየሁ፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነኝ። ሰፈሩን መንገድ ለሁለት ይከፍለዋል። ከእድሩ ዳኛና ከሴቶቹ ጋር ተነጋግረን ቀኑን ለቀኝና ለግራ ወገን አካፈልን። ለፋሲካ ቀኝ ወገን ጸሎተ ሐሙስ ይጋግራል፣ ግራ ወገን ቅዳሜ ሹር። በመካከል ያለው ዓርብ ስቅለት ነው፤ ማንም እሳት አያነድም።

እናኑ በቀኝ ወገን ነበረች። ለመምህራንና ለምግብ ቤቶች እንጀራ እየሸጠች የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ዞሮ ዓይኗን ይወጋት ስለ ነበር ጤና ጣቢያ ሁለቱንም የዓይን ቆቦቿን ቀደው ሰፉላት። ያከማት ሰው «ከእንግዲህ ጭስ አጠገብ ከደረስሽ የተረፈሽንም ታጪዋለሽ» አላት። የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛችው ለዚህ ነው። መሥሪያ ቤታችን ያን ጊዜ ምጣድ እንዲገዙ በየሰፈሩ ሲሰብክ ነበር፤ እርሷም ሰማች።

«እትዬ የሻረግ፣ ይኸ ነገር አይከዳኝም?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ተራ ካከበራችሁ አይከዳችሁም» አልኋት። እውነትም ነበር። ዓመታት አልከዳም። እናኑ ዓይኗ ደርቆ፣ ፊቷ ጠርቶ፣ መንገድ ላይ ሰውን ከሩቅ ለይታ በስሙ መጥራት ጀመረች። አመድ የሚደፋበት ጓሮዋ ጎመን አበቀለ።

አቶ ይሄነው ኃላፊ ሆነው የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የቢቸና ልጅ ናቸው፤ እናታቸው ላይ ሰፈር ይኖራሉ። ንግግር ያውቃሉ። በየስብሰባው አገራችን ኃይሏን ሁሉ ከውሃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ አግኝታ ለአየር ንብረት ጠንቅ የማትሆን አገር እንደምትሆን ይናገሩ ነበር። በዚያ ነገር ከእርሳቸው ጋር ጠብ የለኝም። እኔም እፈልገዋለሁ፤ ከእርሳቸው በፊትም እፈልገው ነበር። የማልታገሠው ሌላ ነው። ግድቡ ተሠርቷል፣ ውሃው ንጹሕ ነው፣ ከፍተኛው መስመር በእርሻው ላይ ያልፋል። ከመስመሩ ሥር ደግሞ ሴቶች እንጨት ተሸክመው ያልፋሉ። ይህች አገር ከጭስ ልትወጣ የምትችለው ያ ውሃ ምጣድ ላይ ሲደርስ ነው። ምጣድ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ከሰፈሩ ጥግ ባለው ምሰሶ፣ በምሰሶው ላይ ባለው ትራንስፎርመር፣ በፊውዙና በሴቶቹ ተራ ነው። ይህ ሪባን የለውም። ስለዚህ የሚያየው ሰው የለም።

አንድ ዓመት በሕማማት ሳምንት፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ አቶ ይሄነው ሰበሰቡን። ከፋሲካ በኋላ «አረንጓዴዋን ከተማ» ሊያዩ እንግዶች ይመጣሉ፤ በዋናው መንገድ ያሉት ምሰሶዎች ይቃኑ፣ ይቀቡ፤ ለዚህም ነገ ሐሙስ ከተማው ሙሉ ቀን መብራት ይጠፋል አሉ።

እጄን አነሣሁ። «ሐሙስ አይሁን» አልሁ። «ሐሙስ ከጠፋ ዓርብ ስቅለት ነው። ሁሉም ቅዳሜ ላይ ይወድቃል። የታች ሰፈሩ ትራንስፎርመር አይችልም።»

«እትዬ የሻረግ፣ እኔም እኮ ጎጃሜ ነኝ። ስቅለት መቼ እንደ ሆነ አይንገሩኝ።»

«እንግዲያው ሰኞ ይሁን፤ ከፋሲካ ማግሥት።»

«በበዓል ሠራተኛ ላሠራ? ዕቅዱ ጸድቋል።»

«ለሰፈሩ ይነገር ታዲያ፤ አሁን ይነገር።»

«አሁን ቢነገር ምን ያደርጋሉ?»

ጥያቄው ልክ ነበር። ያናደደኝም ልክ መሆኑ ነው። ሐሙስ ሊጋገር የቦካ ሊጥ ረቡዕ ማታ አልደረሰም። ቅዳሜ ድረስ ቢቆይ ደግሞ ይመጥጣል። ሊጥ ትእዛዝ አይሰማም። ያን ጊዜ የሚነገር ነገር አልቀረም ነበር፤ መነገር የነበረበት ቀደም ብሎ ነው።

ሐሙስ መብራት ጠፋ። ምሰሶዎቹ ነጭ ተቀቡ።

ቅዳሜ ጧት የሁለቱም ወገን ምጣድ ተጣደ። የቀኙ ሊጥ ኮምጥጦ ገንፍሏል፤ ማንም «የምጣድ ሌባ» አልተባለም፤ ሌባው ሌላ ነበር። ፊውዙ ተበጠሰ። ተረኛው የመስመር ሠራተኛ ወጥቶ ቀየረ። ደግሞ ተበጠሰ። ቀየረ። እኔ ከምሰሶው ሥር ነበርሁ። «ለግራ ወገን ብቻ ስጥ፤ ቀኙን ከሰዓት በኋላ እናደርሳለን፣ ሴቶቹን እኔ እነግራለሁ» አልሁት። ራሱን ነቀነቀ፣ እሺ ሊል ነበር። ስልኩ ጮኸ። አቶ ይሄነው ነበሩ፤ ሰው አቤት ብሎባቸዋል። በስልኩ ውስጥ «በፈለግኸው መንገድ አብራው!» ሲሉ ከታች ሰማሁ።

ልጁ አየኝ። ከዚያ ከኪሱ መዳብ አወጣ።

«ጋሼ ታከለ ቢያዩህ!» ብዬ ጮኽሁ። እርሱ አያውቃቸውም። «እትዬ፣ ታዝዤ ነው» አለኝ ከላይ።

መብራቱ መጣ፤ ሴቶቹ ከየቤቱ እልል አሉ። ትራንስፎርመሩ ማጓራት ጀመረ። ቀጥሎ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ፣ ከዚያ ጥቁር ጢስ ከክዳኑ ሥር ወጣ፣ ከዚያ ዝም አለ። ያን ዝምታ አሁንም እሰማዋለሁ። ከየማድ ቤቱ ሴቶች እጃቸው በሊጥ እንደ ተለወሰ ወጥተው ወደ ላይ አዩ። እናኑም ወጣች። ዞር ብላ ከጎረቤት እንጨት ልትለምን ሄደች።

ለጋሼ ታከለ ደወልሁ። ጡረታ ወጥተው ሞጣ ነበሩ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ፊውዙ ምን ነበር?»

«መዳብ።»

«ልጁን አትቆጪው» አሉኝና ዘጉ።

የተቀጣው ግን ልጁ ነው። ከደመወዙ ተቆረጠበት፣ ወደ ሌላ ወረዳም ተዛወረ። ያዘዘው ሰው በስብሰባው ላይ ስለ ጥንቃቄ ጉድለት ተናገሩ።

በፋሲካ ሳምንት የአቶ ይሄነውን እናት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አገኘኋቸው። ደግ ሴት ናቸው፣ ክፋት አያውቁም። እንኳን አደረሰሽ ተባባልን።

«ሰማሁ፣ ታች ሰፈሮች እንዲያ ሆናችሁ?» አሉኝ። «ለእኔስ ልጄ ደግ አደረገ። በሆሣዕና መጥቶ ሐሙስ ይጠፋል፣ አስቀድመሽ አቡኪ ብሎኝ ረቡዕ ጨረስሁ። ለእናንተ አልነገሯችሁም እንዴ?»

«አልነገሩንም» አልሁ።

አለማወቅ ቢሆን ይቅር ባልሁ ነበር። አለማወቅ ብዙ ነገር ያበላሻል፣ ግን ይማራል። እኒህ ሰው ያውቁ ነበር። ሊጥ ስንት ቀን እንደሚቦካ እንኳ ከእናታቸው ማድ ቤት ተምረዋል። አውቀው ለእናታቸው ነገሩ፣ ለሰፈሩ ደበቁ። አሮጊቷን ስሜ ተለያየን። እርሳቸው ምን አጠፉ!

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ትራንስፎርመሩ ለጥገና ተጭኖ ሄደ፣ አልተመለሰም። ለአምፖል ያህል ከላይ ሰፈር አንድ ቀጭን መስመር ተቀጠለልን፤ ምጣድ መሰካት ተከለከለ። ምጣዶቹ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። የጓሮ ባሕር ዛፍ ገና ለጋ ሳለ ተቆረጠ፣ ከጉንደ ወይን በኩል ካለው የሸለቆ አፋፍ እንጨት በአህያ መምጣት ጀመረ። በመሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ግን የታች ሰፈር ምጣዶች ደን እያዳኑ ነበር። አቶ ይሄነው በዓመቱ መጨረሻ እንደ ወትሮው ቆጠሯቸው። «ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ምጣድ የትኛውን ዛፍ ነው ያዳነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ልጅ ብዕሩን አስቀመጠና እስክቀመጥ ጠበቀ።

እናኑ ጭስ ውስጥ ተመለሰች። ዓይኗ መቅላት፣ ማልቀስ፣ በመጨረሻም ብርሃን መፍራት ጀመረ። አሁን ሰውን የምታውቀው በድምፁ ነው። አዲሱ ትራንስፎርመር ደርሶ ግቢያችን ሲራገፍ የነገርኋት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው በሩ ላይ ትመጣና ዘበኛውን «ተሰቀለ?» ትለዋለች። «ገና ነው» ይላታል።

ወደ መሰናበቻዬ ልመለስ። አቶ ይሄነው ስለ እኔ ብዙ ተናገሩ። ታታሪ አሉኝ፣ ምስጉን አሉኝ፣ የአረንጓዴ ልማት እናት አሉኝ። ሰው አጨበጨበ። ገንዘብ ያዧ ካርቶኑን አምጥታ አስታቀፈችኝ። በካርቶኑ ላይ ሥዕሉ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ።

«ጡረታዎን ያለ ጭስ እንዲያሳልፉ» አሉ አቶ ይሄነው በማይክሮፎኑ። «አንድ ነገር ይበሉን እንጂ፣ እትዬ።»

ወደ በረንዳው አልወጣሁም። ከሸራው አጠገብ እንደ ቆምሁ ተናገርሁ።

«መሰላሉ እዚህ አለ። ሠራተኞቹ አሉ። ትራንስፎርመሩ ይኸው። ዛሬ ይሰቀል፤ ሌላ ስጦታ አልፈልግም።»

ከወረዳው የመጡት እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ፕሮግራም ተይዞለታል እኮ፣ እትዬ የሻረግ» አሉ አቶ ይሄነው እየሳቁ። «እንግዳው ሳይመጡ እንዴት ይሆናል?»

«እንግዳው ይጋግራሉ?»

ከመስመር ሠራተኞቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ዛሬ የደስታዎ ቀን ነው። ሥራውን ለእኛ ይተዉልን።»

«እሺ» አልሁ። «ይህን ምጣድ የት ልሰካው?»

ገንዘብ ያዧ መሬት መሬት አየች። አቶ ይሄነው ማይክሮፎኑን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ካርቶኑን በትራንስፎርመሩ ላይ፣ በሸራው አናት አስቀመጥሁት። ቦርሳዬን ከወንበሩ አንሥቼ ወደ በሩ ሄድሁ።

«ተሰቀለ?» አለች እናኑ፣ የእግሬን ድምፅ ለይታ።

«ገና ነው» አልኋት። ክንዴን ያዘች፤ ወደ ታች ሰፈር ወረድን።